ሌሊት ሌሊት የሚጨምረው ቤንዚን

የነዳጅ ጌጅ አልሠራ ሲል ሌላው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚያደርገው ነገር አጭር ነው። ከታንኩ የሚመጣውን ሽቦ ይነቅልና ከመኪናው ብረት ጋር ያነካካዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መርፌ ብድግ ካለች "ጌጁ ደኅና ነው፣ ታንክ ውስጥ ያለው ነው የሞተው" ይላል፤ ካላለች ደግሞ ገልብጦ ይናገራል። እጁን በጨርቅ ይጠርግና ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጠብታ ግን ለዚያው ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጠብታ ቅጽል ስሙ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከእህቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እሷም የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው። ቅጽሉን ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው። ታንክ ውስጥ ከቤንዚኑ ጋር ከፍ ዝቅ የምትል አንዲት ተንሳፋፊ አለች፤ ለጌጁ የነዳጁን ልክ የምትነግረው እሷ ናት። ጠብታ እሷን ለመፈተሽ መጀመሪያ ታንኩን ሙልጭ አድርጎ ያንጠፈጥፋል። ከዚያ መኪናዋ የቆመችበትን መሬት እንደ ግንበኛ በውሃ ልክ ይለካል፤ ዘንበል ካለች ከጎማዋ ሥር ጣውላ ይከትላታል። ከዚያ በኋላ ነው በአንድ ሊትር መስፈሪያ መጨመር የሚጀምረው። አንድ ሊትር ጨምሮ ቤንዚኑ መናወጡ እስኪበርድለት እጁን አጣምሮ ይቆማል፣ የሽቦውን ኤሌክትሪክ በቴስተር ይለካል፣ በእርሳስ ይጽፋል፣ ሁለተኛውን ይጨምራል። የመስፈሪያው አፍ ላይ ተንጠልጥላ የምትቀረውን ጠብታ ሳይቀር ቆሞ ይጠብቃታል። "እሷም የሊትሩ ናት" ይላል።

አንድ ባለታክሲ አንድ ቀን ለዚህች ጠብታ ሲባል ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው፣ "ወንድሜ፣ ልጄ እኮ ከትምህርት ቤት ወጥታ በር ላይ ቆማለች" ብሎ ለመነው። ጠብታ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሰውየው ልጁን በእግሩ ሄዶ አምጥቶ ሲመለስ ገና አሥራ አንደኛው ሊትር ላይ ነበሩ። ቢሆንም ያው ባለታክሲ እስከ ዛሬ ሌላ ዘንድ አይሄድም። ጠብታ አንዴ "ልክ ነው" ካለ ልክ ነው፤ በከተማው መካኒክ ለመካኒክ ሲከራከር እንኳን "ጠብታ ይይልን" ብለው ነው የሚለያዩት።

የሚኖረው ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የፈተሻቸው መኪኖች ልክ የተጻፈባቸው ሠላሳ አንድ ደብተሮች አሉት። ሚስት አላገባም። አንዲት ሴት ወድዳው ነበር ይባላል፤ "ስንት ትወደኛለህ?" ብላ ጠየቀችውና መልሱን ሊያስብበት ሄዶ በሁለት ሳምንቱ ሲመለስ አግብታ ቆየችው። ይኼ እውነት ይሁን የጋራዥ ወሬ እንጃ። እውነቱ፣ ሥራ ሲያበቃ ማታ ማታ ታናሽ እህቱ ቤት ሄዶ ራቱን ይበላል፣ ከባሏ ጋር ሁለት ጨዋታ ዳማ ይጫወታል፣ የልጆቹን ግንባር ስሞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በዓለም ላይ ያለው ቤተሰብ ይኼው ነው።

የእህቱ ባል፣ አማቹ፣ የሚዛን ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ሾፌር ነው። መሥሪያ ቤቱ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የነጋዴውን ሚዛን ይፈትሻል፤ ሾፌሩም የሚዛን ድንጋዮቹን በትንሿ ነጭ መኪና ጭኖ ይዞራል። ቀጭን ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ወሬ ሲያወራ ግን ልክ የሚባል ነገር አያውቅም። መንገድ ላይ ውሻ ካየ ማታ ቤት ሲደርስ ጅብ ሆኗል፤ ሁለት ሰው ከተጣላ ጎራዴ ተማዘዋል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙት ጠብታ የዳማ ጠጠሩን እየገፋ "ስንት ሜትር ነበር?" እያለ ያበላሽበታል። ሁለቱ በዚህ ይቀላለዳሉ። ይዋደዱ ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን ጠብታ የአማቹን ወሬ ሁልጊዜ በግማሽ ቀንሶ ነው የሚሰማው፣ ይኼም ልማድ ሆኖበት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እህቱ ነጠላዋን ሳታስተካክል ጋራዥ ድረስ መጣች።

"ወንድምዬ፣ ባሌን ሊያባርሩት ነው።"

"ለምን?"

"ቤንዚን ይሰርቃል ብለው። ጠዋት ጌጁ ላይ ያለውና ማታ የሚገኘው አይገናኝም አሉ። በሄደበት መንገድ ልክ መቀነስ ከሚገባው በላይ ይቀንሳል አሉ።"

"ስንት ሊትር?"

"ምን?"

"ስንት ሊትር ነው ጎደለ የሚሉት?"

"እኔ ባሌን ሊያባርሩብኝ ነው እልሃለሁ፣ አንተ ሊትር ትጠይቀኛለህ?" አለችና እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራችው። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፣ "አምስት ሊትር። በየቀኑ" አለች።

ጠብታ ወደ ክፍሉ ገብቶ ሃያ ስድስተኛውን ደብተር ይዞ ወጣ። የዚያችን ነጭ መኪና ተንሳፋፊ ከሁለት ዓመት በፊት የገጠመው እሱ ራሱ ነበር። አርባ ሊትር ታንክ፣ ጌጁ ላይ ስምንት ጭረት፣ ለእያንዳንዷ ጭረት አምስት አምስት ሊትር። ዝንፍ ያላለ ሥራ ነው። ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበና ደብተሩን ዘጋው።

"ጌጁ ልክ ነው" አለ።

"ልክ ነው ማለት ምን ማለት ነው?"

ደብተሩን በክንዱ ሥር ሸጎጠው። እህቱ ደብተሩን አየችው፤ ፊቷ ተለወጠ።

"ባልሽ ሌባ ነው እያልከኝ ነው?"

"እኔ ስለ ጌጁ ነው የተናገርኩት።"

"ተበላሽቷል በልላቸው! አንድ ቃል እኮ ናት! ጋራዡ ሁሉ አንተ ያልከውን ያምናል። የልጆቼ አባት ነው፤ ከዚህ ወጥቶ በዚህ ዕድሜው ማን ሥራ ይሰጠዋል? ሌባ ተብሎ የወጣን ሾፌር ማን መኪና ያስይዘዋል?"

"ያልተበላሸን ተበላሸ አልልም" አለ ጠብታ።

እህቱ አንጀቷ እርር እያለ ሄደች። እሱ ግን ማታ ራቱን ሊበላ ሄደ፤ ሌላ የሚሄድበት የለውማ። አማቹ እንደ ወትሮው ዳማውን ዘረጋ። ጠብታ ጠጠሩን ትቶ የአማቹን እጅ ማየት ጀመረ። በየማታው እጁን ያያል፣ ሲያልፍ ጃኬቱን ያሸታል። ቤንዚን ቤንዚን ይሸተዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ቤንዚን ውስጥ የኖረ ሰው ሌላው ሰው ላይ ቤንዚን ሸተተኝ ሲል ምን ይባላል? የሚሸተው የገዛ ቱታው ነበር። ግን ይኼን የሚነግረው ሰው አልነበረም፤ እሱም ለማንም አላወራም።

በሦስተኛው ሳምንት ከጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰው። የመኪናዋን የነዳጅ ጌጅ ኮሚቴ ባለበት እንዲፈትሽና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ጌጁ ልክ ከሆነ ሾፌሩ በዕለቱ ይሰናበታል ይላል። ጠብታ ደብዳቤውን ገልብጦ በጀርባው "የሠራተኛው አማች ነኝ" ብሎ ጻፈና መለሰው። በማግሥቱ ያው ወረቀት ተመልሶ መጣ፤ ከሥሩ "ታውቋል። ይምጡ" ተብሎበታል።

ሄደ። ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የምትንጠባጠብ ቧንቧ፣ በሩ አጠገብ የዘበኛ ቤት አለ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ትልቅ ሰው፣ በሥልጣንም በአካልም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቃለ ጉባኤ ካልተያዘ ዝናብም ዘነበ የማይሉ ዓይነት ናቸው እንጂ። ሁለተኛዋ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ናት፤ ነፋስ ከነፈሰ በሩን ይዛ የምትቆም ቀጭን ሴት። ሦስተኛው ዘበኛው ናቸው፤ ኮሚቴ ውስጥ የገቡት በምስጉን ሠራተኛነት ነው። ምን ሠርተው እንደተመሰገኑ ጠብታ ለጊዜው አልጠየቀም። ሾፌሩ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ለጠብታ በአንገቱ ሰላምታ ሰጠው።

ጠብታ መኪናዋን ባዶ አስደረገ። ሃያ ሃያ ኪሎ የሚመዝኑት የብረት የሚዛን ድንጋዮች ወርደው ግድግዳው ሥር ተደረደሩ። መኪናዋን በውሃ ልክ አስተካከለ፣ በአንዱ ጎማ ሥር ጣውላ ከተተ፣ ታንኩን አንጠፈጠፈ። ከዚያ አንድ ብሎ ጀመረ።

አሥረኛው ሊትር ላይ ኃላፊው ወንበር አስመጡ። ሃያኛው ላይ የንብረት ክፍሏ ሹራብ መሥራት ጀመረች። አርባኛው ላይ ታንኩ ሲሞላ ኃላፊው ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ "እንግዲህ አለቀ?" አሉ።

"ገና ነው። ሲሞላ ልክ የሆነ ሲጎድል ሊዋሽ ይችላል" አለ ጠብታ፤ መልሶ አንድ አንድ ሊትር ይቀዳ ጀመር።

ግማሹ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሲወጣም ሲወርድም በየሊትሩ ያው ነው፤ ደብተሩ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ከጻፈው ጋር አንድም ልዩነት የለውም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በኩራት አንገቱ ይቀና ነበር። አሁን ግን እርሳሱ ከበደው። አማቹን ቀና ብሎ አየው። አማቹ ሃያ ኪሎው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

"ልክ ነው" አለ ጠብታ።

"ልክ ከሆነማ ልክ ነው" አለ አማቹ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ይህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ሳያጋንን ሲናገር ነው፣ ጠብታም ይኼን ልብ አለና ሆዱ ባባ። ቢሆንም ፈረመ።

ኃላፊው የስንብቱን ደብዳቤ ከኪሳቸው አወጡ። ብዕራቸውን ከፈቱ። "ቢሆንም" አሉ፣ "ከመፈረሜ በፊት ግማሽ መሆኑን በዓይኔ ማየት አለብኝ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰብሳቢው በዓይናቸው አይተው የሚል አለ።" የመኪናዋን በር ከፍተው የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መኪናዋ እህ አለች።

መርፌዋ ከግማሽ ተነስታ ቀስ እያለች ወረደችና አንድ ጭረት ዝቅ ብላ ቆመች።

ኃላፊው ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከዚያ ጮኹ።

"ሰረቀ! እዚሁ! ፊታችን ቆሞ!"

ሁሉም ወደ ሾፌሩ ዞሩ። ሾፌሩ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ሁለት እጁም ራሱ ላይ ነው።

"አምስት ሊትር" አሉ ኃላፊው፤ ድምፃቸው ውስጥ አድናቆት ቢጤ ገባበት። "እንዴት አድርገህ ነው?"

"ጌታዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ።"

"እሱንማ እያየሁ ነው። የሚገርመኝም እሱ ነው።"

የንብረት ክፍሏ ሹራቧን ጥላ መኪናዋ ሥር ገብታ ሲሚንቶውን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ኃላፊው የሾፌሩን ኪስ ሊፈትሹ ወረዱ። አምስት ሊትር ቤንዚን በኪስ! ቢሆንም ፈተሹ፤ ማበጠሪያና ሁለት ከረሜላ አገኙ። በዚህ መሐል የንብረት ክፍሏ ጌጁን ልታይ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ኧረ ግማሽ ነው!" አለች።

"ምን?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ግማሽ ነው!"

"መለሰው" አሉ ኃላፊው፤ ማበጠሪያውን እንደያዙ። "ስንነቃበት ጊዜ መለሰው።"

ይኼኔ ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አይ" አሉ በትሕትና፣ "እኔ ዞር ብዬ ስላየሁት ነው የጨመረ።"

ጠብታ እስከዚህ ድረስ በሕይወቱ ምንም የማይገባው ነገር መኪና ላይ አይቶ አያውቅም። "አባባ፣ ምን ማለትዎ ነው?" አላቸው።

ዘበኛው መልስ ከመስጠት ይልቅ ወደ ቤታቸው ገብተው በመስታወት የታሰረ ወረቀት ይዘው ወጡ። በደረታቸው ልክ ያዙለት። ጠብታ አነበበው። "በጥበቃ ሰዓታቸው የመሥሪያ ቤቱ መኪና የነዳጅ መጠን በየሌሊቱ በአምስት ሊትር እየጨመረ በመገኘቱ፣ ላሳዩት ከፍተኛ ትጋት ምስጋና ቀርቦላቸዋል።"

"ሌሊት ቤንዚን እንዴት ነው የሚጨምረው?" አለ ጠብታ።

"በጥበቃ ነዋ" አሉ ኃላፊው።

"የቀኑ መቀነስና የሌሊቱ መጨመር አይያያዙም?"

"የቀኑ መዝገብ እኔ ዘንድ ነው፤ የሌሊቱ ንብረት ክፍል ነው። እንዴት ይያያዛሉ? የተለያዩ ክፍሎች እኮ ናቸው።"

ዘበኛው ደግሞ፣ "እኔም ምስጢሩን አላውቀውም ልጄ፤ ብቻ ዓይኔን አልከድንም። ልጆቼ ሲጠይቁኝ ክዳኑን ሁለቴ ስለማጠብቀው ነው እላቸዋለሁ" አሉት።

"ጠዋት ጌጁን ማን ነው የሚያየው?"

"እኔ" አለች የንብረት ክፍሏ፣ ከመኪናዋ ውስጥ ሆና።

"ማታስ?"

"እኔው ራሴ ገብቼ፤ ይኼን ለማንም አላምንም" አሉ ኃላፊው።

ጠብታ ቀጭኗን ሴት አየ። ኃላፊውን አየ። ቱታውን ሳይሰበስብ መሬት ላይ ተጋድሞ መኪናዋ ሥር ተሳበ፤ በሾፌሩ በኩል ያለውን ባሌስትራ፣ ያንን መኪናውን የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት፣ በጣቱ ዳሰሰው። ሁለተኛው ብረት ተሰብሯል። ከባድ ሰው በዚህ በኩል ሲቀመጥ መኪናዋ ወደዚህ ታዘነብላለች። ታንኩ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ቤንዚኑ አብሮ ወደዚህ ይፈስሳል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ተንሳፋፊ ደግሞ ትወርዳለች። ቤንዚኑ የትም አልሄደም። ማታ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ያየዋል፣ ጠዋት አንዲት ቀጭን ሴት ተቀምጣ ታየዋለች፤ ነገሩ ይኼው ነው።

እሱ ግን ምን ሲያደርግ ነበር? መኪናዋን ባዶ አድርጎ፣ መሬቱን አስተካክሎ፣ ማንም ሳይቀመጥባት ነበር የለካት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው የሌለበትን መኪና ነው ልክ ነው ሲል የኖረው። መኪናዋ ሥር እንደተጋደመ ፊቱ ጋለ። አፈረ፤ ለሐፍረቱ ሌላ ስም የለውም።

ወጥቶ ቆመ። ሁሉም ያዩታል። "ጌታዬ፣ ነገሩ የእርስዎ ውፍረት ነው" ማለት በዚህ ግቢ የሚቻል ነገር አይደለም። ለሰው ሲነገር መቀነስ ወይም መጨመር ደግሞ ጠብታ አያውቅበትም። ትንሽ አሰበና ግድግዳው ሥር ወደተደረደሩት የሚዛን ድንጋዮች ሄደ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ ኃላፊው።

"ፈተናው ገና አላለቀም።"

የንብረት ክፍሏን ከወንበሩ አስነስቶ አንድ ሃያ ኪሎ አስቀመጠ። ሁለት። ሦስት። መርፌዋ ፍንክች አላለችም። አራተኛው ላይ መኪናዋ አቃሰተች፣ መርፌዋም ጥቂት ሸተት አለች። አምስት። ስድስት። አማቹ ሳይጠራ ተነስቶ ድንጋዮቹን ያቀብለው ጀመር። ከስድስተኛው በኋላ አሥር ኪሎዋን ጨመረ፣ ከዚያ አምስቷን፣ ከዚያ ከእንጨት ሣጥኑ ውስጥ አንዷን ኪሎ አውጥቶ በሁለት ጣቱ ከላይ አኖራት። መርፌዋ ቅድም ኃላፊው ተቀምጠው ያቆሟት ቦታ፣ እዚያችው ላይ ቆመች።

"መቶ ሠላሳ ስድስት ኪሎ" አለ ጠብታ፤ ጻፈውም።

ኃላፊው አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው መርፌዋን አዩ። ድንጋዮቹን አዩ። "መቶ ሠላሳ ስድስት ኪሎ ማነው?" አሉ።

ቧንቧዋ ብቻ ትንጠባጠባለች። የንብረት ክፍሏ የሹራቧን ዓይን መቁጠር ጀመረች። ዘበኛው ሊረዷቸው ብለው፣ "ብረቱ ነው ጌታዬ" አሉ።

ኃላፊው ቀስ ብለው አንገታቸውን ከመስኮቱ አወጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሐኪሙ ሚዛን ላይ ውጣ ሲለኝ" አሉ፣ "ሚዛናችሁ ቁጥጥር አልተደረገበትም ብዬ እምቢ ብዬው ነበር።" ወንበሩ ላይ የተከመሩትን ድንጋዮች ደግመው አዩ፤ እያንዳንዱ ላይ የራሳቸው ጽሕፈት ቤት ማኅተም ተመትቶበታል። "እነዚህ ግን የራሳችን ናቸው። እነዚህን መካድ አልችልም።"

ይህንን ብለው የስንብቱን ደብዳቤ አራት ቦታ ቀደዱትና ለመዝገብ የሚያስፈልግ ስለመሰላቸው ቅዳጁን ለንብረት ክፍሏ ሰጧት። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ሾፌሩ ቀን ቀን የሰረቀው ቤንዚን በሙሉ ሌሊት ሌሊት በዘበኛው ተመልሷልና መሥሪያ ቤቱ ያጣው ነገር እንደሌለ ተረጋገጠ። ባሌስትራው ይቀየር፤ እስኪቀየር ድረስ ኃላፊው ጌጁን በመስኮት ይመልከቱ ተባለ።

"የእኔስ ወረቀት?" አሉ ዘበኛው፣ መስታወቱን በክንዳቸው አቅፈው። ፊታቸው ያሳዝን ነበር።

ኃላፊው አሰቡበት። "ቤንዚኑን አልጨመሩም" አሉ፣ "ግን አልቀነሱምም። ይያዙት።"

ጠብታና አማቹ የሚዛን ድንጋዮቹን መልሰው መኪናዋ ላይ ጫኑ። ጠብታ ልቡ ከመቅለሉ የተነሳ ሃያ ኪሎውን በአንድ እጁ እያነሳ ነበር። እህቱ ምን እንደምትል፣ ልጆቹ ይኼን ወሬ አባታቸው ሲያወራው እንዴት እንደሚስቁ እያሰበ ነበር፤ ዛሬ ምንም ቢያጋንን ዝም ሊለው ወስኗል። የመጨረሻውን ድንጋይ ሲያስቀምጡ አማቹ የኋላውን በር ዘጋና ተደገፈው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰርቋል ብለህ አስበህ ነበር?"

ሌላ ሰው ቢሆን "ኧረ በጭራሽ!" ብሎ ይምል ነበር። አንድ ቃል ናት። ጠብታ ቀና ብሎ አየው።

"አዎ" አለ።

"ስንት ቀን?"

"አሥራ ሰባት።"

"አንድም ቀን ሳታጓድል?"

"የዛሬው እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።"

አማቹ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። "ቤቴ ራት እየበላህ" አለ።

"አዎ።"

"እነሱ እኮ ሌላ ሰው ሊጠሩ ነበር። ጠብታ ይሁንልኝ ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። አማችህ ነው፣ ያዳላልሃል ሲሉኝ፣ እሱ ለእናቱም አያዳላም፤ እሱ ሰርቋል ካለ ሰርቄያለሁ ብዬ ፈርሜላቸዋለሁ። የቤንዚኑን ጉዳይ አላውቅም ነበር፤ አንተን ነበር የማውቀው።"

ጠብታ በሕይወቱ ስሕተት ሠርቶ ስለማያውቅ ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅም አያውቅም። አንገቱን ደፋና፣ "ይቅር በለኝ" አለ፤ ቃሉ አፉ ውስጥ አዲስ ነበር።

"ይቅር እልሃለሁ። ግን አሥራ ሰባት ቀን ጠብቅ። እስከዚያ ቤቴ አትምጣ።"

ይኼን ብሎ መኪናዋን አስነስቶ ሄደ።

ጠብታ አሥራ ሰባቱን ቀን ክፍሉ ውስጥ ሊቆጥር ተቀመጠ። ማታ ማታ ዳቦ ይበላል። ዳማውን ዘርግቶ ከራሱ ጋር ይጫወታል፤ ያሸንፋል፣ ደስ አይለውም። በአምስተኛው ቀን እህቱ በሰሐን ራት ይዛለት መጣች። ታርቃው ነበር፤ ባሏ ሥራው ላይ ስላለ ልቧ ረክቷል።

"ይበቃል፣ ልለምንልህ? ቀልዱን እኮ ነው" አለችው።

"ቀልዱን አይደለም" አለ ጠብታ። "ልክ ነው ያለው።" ሰሐኑን ግን ሙልጭ አድርጎ በላው፣ እህቱም ሲበላ አይታው ዓይኗን ጠረገች።

ጋራዥ ውስጥ ሥራው ተለወጠ። አሁን መኪና ከመፈተሹ በፊት ባለቤቱን ይጠራና፣ "ማን ነው የሚነዳት? ሚስትህም ትነዳለች? ከኋላ ማን ይቀመጣል?" ይላል። አንዱን ባለመኪና አማቱን ሳይቀር አስመጥቶ ከኋላ አስቀምጧቸዋል። ሰው ሁሉ ጠብታ ለየለት ብሎ ተሳሳቀ፤ እሱ ደንታም አልሰጠው። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በየቀኑ አንድ ጭረት እየሠራ ነው። ዘጠኝ ሆነ፣ አሥራ ሁለት ሆነ፣ አሥራ አምስት ሆነ።

በማግሥቱ ሥራ ሲያበቃ እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጠበ። ቱታውን አውልቆ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ለልጆቹ ከረሜላ ገዛና በለመደው መንገድ ሄዶ የእህቱን በር አንኳኳ። ከውስጥ የልጆቹ ሳቅ ይሰማል፤ አባታቸው አንድ ነገር እያወራላቸው ነበር። ወሬው ተቋረጠ። በሩን የከፈተው አማቹ ነው። ከላይ እስከ ታች አየው።

"ዛሬ እኮ ገና አሥራ ስድስት ነው" አለው።

"አውቃለሁ" አለ ጠብታ።

አማቹ እንዲገባ ከበሩ ዞር አለለት።